ጤፍ ከሰናፍጭ ቢያንስስ? ከአንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት ጥያቄ የተነሣ ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ መልስ በመልስ የተቀጣጠለውን ውይይት፣ የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ባቋቋመችው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ናት። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርቷ ስለ ዘር ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው ያገኙትን እንዲያመጡ ነገረቻቸው። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሰናፍጭ፣ ጤፍ መጣ። በቡድን ሆነው ከትልቁ ወደ ትንሹ እየደረደሩ ነጭ ወረቀት ላይ በኮላ ለጠፉ። በዚያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት በጸሎት ሰዓት የሚያጠኑት ጥቅስ ማቴዎስ 13፥31-32 ነበር፤ ሰናፍጭ ከዘር ሁሉ ታንሳለች፣ ካደገች በኋላ ግን ወፎች ይሰፍሩባታል የሚለው። አንዲት ልጅ ወረቀቷን ጨርሳ እጇን አወጣች። ጤፉን ከሰናፍጩ በታች ለጥፋዋለች። ታዲያ ጌታ ለምን ሰናፍጭ ታንሳለች አለ ብላ ጠየቀች።

መምህርቷ ያደረገችውን አንድ በአንድ ጻፈች። ልጅቷን በደንብ አስተውለሻል አለቻት። አጉሊ መነጽሩን ለሁሉም አዳረሰች፤ ሁሉም ጤፉ እንደሚያንስ አዩ። ደወሉ ሲደወል ጥያቄውን ለቤተሰቦቻቸው እንዲነግሩና ነገ እንደሚነጋገሩበት ነግራ ሸኘቻቸው። በማግስቱ አንድ አባት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተገኙ። ሌላ ወላጅ ደግሞ ልጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ ተሳስቷል እያለ እንደመጣ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቶቹን ከግድግዳው እንድታነሣ ጠየቋት። መድረኩን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ላንሣው ወይስ ይቆይ? ደግሞስ ልጆች በእጃቸው ዳስሰው በዓይናቸው አይተው ይማሩ እያልን፣ በእምነትም እናንጻቸው እያልን፣ እጃቸው ያገኘው ከጥቅሱ ጋር የተጋጨ ሲመስል መምህር ምን ይበል?

ክሩን ላላገኛችሁት የተባለውን ልተርክላችሁ። ጸሐፊዎቹ ለመድረኩ አባላት ብለው የጻፉት ስለሆነ ቃላቸውን አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን አስተላልፋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር ለዓመታት ስለቆየሁ ጉዳዩ የልቤ ነው፤ የሚሰማኝንም በየመሐሉ እላለሁ።

1ኛው መልስ የአንድ የሐዋሳ መምህር ነው። ጨዋ መልስ ነበር። እህቴ ብሎ ጀምሮ አመሰገናት፤ ልጅ የነካውን አይረሳም፣ ወረቀቱ ይቆይ አለ። እሱም የዘሪውን ምሳሌ ሲያስተምር ልጆቹን ወደ ግቢ አውጥቶ በመንገድ ላይ፣ በጭንጫ ላይና በለሰለሰ አፈር ላይ ባቄላ እንዲዘሩ እንደሚያደርግና ከሳምንት በኋላ ማን እንደበቀለ አብረው እንደሚያዩ ጻፈ።

2ኛው ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው የሁለት ልጆች አባት ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ጥርጣሬን የሚሸከም ትከሻ እንደሌለው፣ ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቶ ከፍሎ ወደ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚልከው እምነቱ እንዲጸና እንደሆነ ገለጹ። ስለ ዘር ማስተማር ከተፈለገ ባቄላና ሽንብራ ይበቃ ነበር አሉ። ብዙዎች ተረባረቡባቸው። እኔ ግን የእሳቸው መልስ ባይኖር ኖሮ ክሩ በሁለተኛው ቀን ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ወደ እሳቸው በኋላ እመለሳለሁ።

3ኛው ምንጃር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ያረመው ሥነ መለኮቱን ሳይሆን ዘሩን ነው። ገበያ ላይ ሰናፍጭ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ ጎመን ዘር ነው፣ መምህርቷ የቱን እንደያዘች ታጣራ አለ። ጎመን ዘር እናቶቻችን ፈጭተው ምጣድ የሚያሰሱበት ነው፤ ሰናፍጭ ደግሞ በጾም ከባቄላ ዱቄት ጋር ስልጆ የሚገባው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው። ሁለቱም ድቡልቡል ናቸው፣ ሁለቱም ከጤፍ ይበልጣሉ። ከዚያ የጤፍ አዘራር ውስጥ ገባ። ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ ይለሰልሳል፣ ከብት ይነዳበትና ይረገጣል፣ ዘሩ ከላይ ይበተናል እንጂ ጠልቆ አይቀበርም፤ ከጠለቀ ያቺ ቅንጣት አፈሩን ገፍታ ለመውጣት አቅም የላትም። ለአንድ ሄክታር በብተና ከ25 እስከ 30 ኪሎ ጤፍ ይበቃል፣ ስንዴ ከ100 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። መምህርቷ ለልጆቹ ይህን ብትነግራቸው ስለ ትንሽነት የሚማሩት ከወረቀቱ በላይ ነው አለ። ከመልሶቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

4ኛው የነገረ መለኮት ተማሪ ነው። ሦስቱን ወንጌሎች አቀራረበ። ማቴዎስና ማርቆስ ከዘር ሁሉ ታንሳለች ይላሉ። ሉቃስ 13፥18-19 ላይ ያው ምሳሌ አለ፣ ስለ ማነስ ግን አንዲት ቃል የለም፤ ሰውዬው በአትክልት ቦታው ጣላት፣ አደገች፣ ወፎች ሰፈሩባት፣ በቃ። ስለዚህ የምሳሌው እምብርት መጠኑ ሳይሆን እድገቱ ነው አለ። ጌታ የተናገረው ለገሊላ ገበሬ ነው፤ ጤፍ የእኛ ደጋ ያለማው እህል ነው፣ የገሊላ ሰው በማሳው አልዘራውም። ገበሬው በእጁ ከሚይዛቸው ዘሮች ትንሿን ጠራለት።

5ኛው በዚህ ተናደደ። ጌታ ጤፍን አላወቀም ልትሉ ነው? ጤፍን የፈጠረ ማን ሆነና? ጽሑፉ አጭር፣ ቃሉ ስለታም ነበር። 6ኛው ለ4ኛው ጥብቅና ቆሞ፣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሰሚው በሚያውቀው መናገር ሌላ ነገር ነው አለ፤ አባት ለልጁ በልጁ ቋንቋ ሲናገር አላዋቂ ሆኖ አይደለም። 5ኛው ጸሐፊ ግን አልረካም፤ እስከ ክሩ መጨረሻ እየተመለሰ ያንኑ ጠየቀ።

7ኛውን የጻፉት አንድ ቀሲስ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት መልሶች ያህል የሁሉም ድምፅ ለዘብ ብሎ ነበር። ቀሲስ ያደጉት አብነት ትምህርት ቤት ነው። በእጅ እየሠሩ መማር የሚባለውን እንደ አዲስ ፍልስፍና አታምጡብን አሉ፣ በገር ቃል። ፊደል ሲቆጥሩ እያንዳንዷን ሆሄ በስንደዶ እየነኩ ነው። አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ዳዊቱን በጣት እየተከተሉ፣ በአፍ እያሰሙ፣ በጆሮ እየያዙ ዘልቀዋል። ከፍ ሲሉ የኔታቸው ብራና ማዘጋጀት አስተማሯቸው፤ የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ በመወጠሪያ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። መቃውን ቀርጸው ብዕር አወጡ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጠበጡ። የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ እንደሚጻፍ ማንም በቃል አላስተማራቸውም፤ በቀዩ ቀለም መቼ እንደሚነክሩ ከየኔታ እጅ አዩ። ለቅዱስ ስም መጠንቀቅን የተማሩት በዚያች ቅጽበት በእጃቸው እንደሆነ ጻፉ።

ስለ ጤፉም ዝም አላሉም። መጻሕፍት ቤት የገባ ተማሪ አንድ ጥቅስ ይዞ አንድም፣ አንድም እያለ ብዙ መንገድ ሲሄድ ይውላል። መምህሩ የሚፈራው የሚጠይቀውን ተማሪ ሳይሆን የማይጠይቀውን ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ ሳታውቀው የአንድምታን በር አንኳኳች፣ ከደጅ አትመልሷት አሉ። 2ኛውን ጸሐፊ ወንድሜ ብለው ጠርተው፣ ስጋታቸው የአባት ስጋት ስለሆነ ማንም እንዳያቃልለው ለመኑ። እንዲህ ያለ ትሕትና በመድረኮች ላይ ብዙ አላየሁም።

8ኛዋ የግብርና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዓይን ያየውን ሚዛን ያጽናው ብላ ቁጥር አመጣች። 1,000 የጤፍ ቅንጣት ቢመዘን ከግማሽ ግራም በታች ነው፤ 1,000 የስንዴ ፍሬ ግን ወደ 35 ወይም 40 ግራም ይመጣል። አንድ የስንዴ ፍሬ ወደ መቶ ጤፍ ያህላል ማለት ነው። ሰናፍጭ በመካከል፣ ወደ ጤፉ ተጠግቶ ይቀመጣል። አንዲት ቅንጣት በሱቅ ሚዛን አትመዘንም፣ ስለዚህ ልጆቹ አሥር አሥር እያደረጉ መቶ፣ መቶ መቶ እያደረጉ ሺህ ይቁጠሩ፣ ከዚያ የወርቅ ቤት ሚዛን ካለው ወላጅ ጋር ይመዘን አለች። በአንድ ሥራ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ትዕግሥቱም ይገኛል። አክላም ከጤፍም የሚያንስ እንዳለ አስታወሰች፤ የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ነው፣ በነፋስ ይበናል። ልጅቷ ጤፍ ከዓለም ዘር ሁሉ ትንሹ ነው ብላ እንዳትደመድም ይህም ይነገራት።

ከ9ኛው እስከ 15ኛው ክሩ መንገድ ሳተ፤ ቢሆንም የወላጅን ጓዳ ያየነው እዚያ ነው። አንዲት እናት በእጅ መሥራት የሚሉት ነገር በእሷ ቤት የወላጅ እጅ እንደሆነ ጻፈች። ሐሙስ ማታ ልጁ የኖኅ መርከብ ነገ አምጡ ተብለናል ይላል፤ ካርቶን፣ ኮላ፣ ቀለም ፍለጋ ስቴሽነሪ ለስቴሽነሪ ተሯሩጣ፣ ልጁ ተኝቶ እሷ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆርጣለች። በማግስቱ የእሷ መርከብ ዘጠኝ ከአሥር አገኘ። ሌላዋ የሠራተኛ ደመወዝ የማይችለው ፕሮጀክት ይታዘዛል አለች። አንዱ የትምህርት ክፍያ ጭማሪውን አነሣ፣ ሌላው የጤፍን ዋጋ፤ በዚህ ዋጋ ጤፍ በኮላ መለጠፍ ግፍ ነው ያለም ነበር። መምህርት የሆነች አንባቢ ይህችን የመጨረሻዋን በቁም ነገር መለሰችላቸው፤ ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገው ጤፍ አንድ የሻይ ማንኪያ እንደማይሞላ፣ የተረፈውም ለወፍ እንደሚበተን ነገረቻቸው።

የኖኅን መርከብ ነገር ግን 14ኛው ወደ ቁም ነገር መለሰው። መሐንዲስ ነው፤ የልጁ ትምህርት ቤት ወላጆች በየተራ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ይጋብዛል። ዘፍጥረት 6፥15ን ይዞ ሄደ፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ስፋቷ 50፣ ቁመቷ 30። ልጆቹን ሜዳ አውጥቶ በየራሳቸው ክንድ እንዲለኩ አደረገ። ክንዳቸው አጭር ስለሆነ የእያንዳንዱ መርከብ የተለያየ ርዝመት ወጣው። ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ የአንድ ሰው ክንድ መርጠን በገመድ እንውሰድ አለ፤ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚያው ገባቸው። በአዋቂ ክንድ ሲለኩ ሜዳው አለቀ፣ መርከቧ ከአጥሩ ውጭ ቀረች፤ 300 ክንድ ከ130 ሜትር ያልፋልና። ካርቶን አልተገዛም፣ ማንም እናት ሌሊት አልቆረጠችም። 15ኛዋ፣ የመርከቧ ዘጠኝ ከአሥር ባለቤት፣ ይህን መሐንዲስ ለልጇ ትምህርት ቤት እንዲያውሷት ለመነች።

16ኛው ሕግ አዋቂ ነው፤ ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ጎተተው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጣል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ቤተ ክርስቲያን የከፈተችው መደበኛ ትምህርት ቤት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፣ ስለዚህ መምህርቷ ጥቅስን ወደ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ማስገባት አልነበረባትም አለ። 17ኛው ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ እንዳለ፣ እሱም ሃይማኖት እንዳልሆነ አክሎ ደገፈው።

18ኛው መልስ የመምህርቷ የራሷ ነበር። ጥቅሱን ወደ ክፍል ያስገባችው እሷ እንዳልሆነች ገለጸች። ጥቅሱ የጠዋቱ ጸሎት ነው፣ ዘሩ የ4ኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሁለቱን ያገናኘችው ልጅቷ ናት። ልጅ ጠዋት የሰማውን በር ላይ ትቶ አይገባም። ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ የልጅቷ ፊት እንደሚያሳስባት ጻፈች፤ ጠይቃ ስትጨርስ ተሳስታ እንደሆነ ፈርታ ነበር። ይህን ሳነብ ከሕግ አዋቂው ይልቅ ወደ እሷ አደላሁ። ደንቡ ለአዋቂዎች የተጻፈ ነው፣ የልጅ አእምሮ ግን በክፍለ ጊዜ ተከፋፍሎ አይቀመጥም፤ ትምህርት ቤቱ እምነትንም ሥራንም በአንድ ግቢ ካኖረ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል።

19ኛው የታሪክ ወዳጅ ነው። በአገራችን የእጅ ሥራና የክርስቲያን ትምህርት አዲስ ትውውቅ እንዳይደለ ለማሳየት ጋፋትን አነሣ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሚስዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች ቦታ ሰፍረው ልጆችን ወንጌልም ሙያም ያስተምሩ ነበር አለ። 20ኛው ጠንከር አድርጎ አረመው። የመጡት ተራ ሰባኪዎች ሳይሆኑ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ የሰለጠኑ አንጥረኞችና አናጢዎች ነበሩ፤ የላካቸውም በኢየሩሳሌም የነበረው የአንግሊካን ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ ነው። በእጃቸው እየሠሩ በእምነታቸው እንዲመሰክሩ ነበር ሐሳቡ። ንጉሡ ግን እጃቸውን ሲያዩ መድፍ ፈለጉ፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። ስለዚህ ጋፋትን ለትምህርት ቤት ምሳሌ ማድረግ ያሳዝናል አለ። 19ኛው ተመልሶ በዚያ አልተስማማም፤ መድፉን ብቻ አትዩ፣ የአገሬው ልጅ ብረት ማቅለጥን ከባዕድ ጋር ቆሞ የተማረበትን እዩ አለ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር በኋላ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት መክፈቱንም አስታወሰ።

ከዚሁ ተነሥቶ 21ኛዋ ወደ ቁስሉ ገባች። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ከኋላቸው የሚወረወረውን ስም ሰምታ አድጋለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ አገር ስለሞላ ነው። መቶ ዓመት አልፎም አንጥረኛውን ቡዳ የሚል አለ። ልጆቻችንን በእጃቸው ይሥሩ የምንል ክርስቲያኖች ጌታ ራሱ የአናጢ ልጅ መባሉን ሰብከን ስናበቃ፣ ልጃችን ሸማኔ ልሁን ቢል ስንቶቻችን እንቀበላለን ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ስለ ጤፍና ሰናፍጭ ያን ያህል የጻፍን ሰዎች እዚህ ላይ ዝም ማለታችን ልቤን ነክቶኛል። እኔ ለእሷ የምለው አለኝ፤ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛ በክፍል ገብቶ መምህር ተብሎ ያልተጠራበት ትምህርት ቤት በእጅ እየሠሩ መማርን ጀመርኩ ማለት አይችልም። የእሷ አባት በሕይወት ቢኖሩ በመጀመሪያ የሚጋበዙት እሳቸው ናቸው።

22ኛዋ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ በባርሴሎና ሕፃናት ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴና ወይን ራሳቸው እንዲያሳድጉ ማድረጓን፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶፊያ ካቫሌቲና ጃና ጎቢ በሮም በዚያው መንገድ የመልካሙን እረኛ ትምህርት መጀመራቸውን ጻፈች። በዚያ ትምህርት ሕፃኑ የሰናፍጭ ቅንጣት በጣቱ ጫፍ ይይዛል፣ ዝም ብሎ ያያል፣ ከዚያ ምሳሌው ይነበብለታል። አዋቂው ትርጉሙን ቸኩሎ አይሞላለትም። መምህርቷ ያደረገችው ከዚህ የራቀ አይደለም አለች።

23ኛው፣ ዲያቆን ነው፣ ስለ ቁርባኑ ስንዴ ተቃወመ። በእኛ ሥርዓት ኅብስቱ በቤተልሔም፣ ለዚሁ በተለየው ቤት፣ በዲያቆን እጅ ይዘጋጃል፤ ቅዱስ ነገር የክፍል ልምምድ አይሆንም አለ። ድምፁ ጠንካራ ቢሆንም ክብር አልጎደለውም። 24ኛዋ መሐል ገባች፤ ምእመናን መገበሪያ ስንዴና ዘቢብ ይዘው ይሄዱ የለም ወይ? ልጆች በትምህርት ቤት ጓሮ ስንዴ ዘርተው፣ አጭደው፣ በእጃቸው አበጥረው መገበሪያ አድርገው ቢያስረክቡ ሥርዓቱ የት ይጣሳል? ዲያቆኑ ይህን በደስታ ተቀበለው፤ እንዲያውም ስንዴው በንጽሕና እንዴት እንደሚለቀም ለማሳየት ራሱ እንደሚመጣ ቃል ገባ። በዚህ ክር ውስጥ ሐሳብ ወደ ሥራ ሲለወጥ ያየሁት እዚህ ነው።

25ኛው መልስ አሁን የለም። የመድረኩ ኃላፊዎች አነሡት። መምህርቷን መናፍቅ ብሎ ከሥራ እንድትባረር የጠየቀ ነበር። ሁለት ሰዎች ያንኑ ያህል ከባድ ስድብ መለሱለት፤ የእነሱም ተነሣ። አንዲት ሴት ልጆችን ስትመልስ ውላ ማታ መድረክ ላይ ምክር ብትጠይቅ የሚገባት ይህ አልነበረም።

28ኛዋ ከስቶክሆልም ጻፈች። ስዊድን ውስጥ እንጨትና ጨርቅ በእጅ መሥራት፣ ስሎይድ የሚሉት፣ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ነው። ልጇ በትምህርት ቤት ማንኪያ ይጠርባል፣ ይሰፋል፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ግን ቪዲዮ እያየ ይመለሳል። ወንጌል ይዘው ከስዊድን ወደ እኛ የመጡት ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ይከፍቱ ነበር፤ እኛ ወደ አገራቸው መጥተን የልጆቻችንን እምነት ለስክሪን ሰጠነው አለች። ምሬቷ ይገባኛል።

29ኛዋ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እናት ናት። ልጇን አዲስ አበባ እናቷ ጋር ትታ ክፍያውን ትልካለች። መምህርቷ ጥያቄውን ለቤተሰባችሁ ንገሩ ያለችው አሳሰባት፤ የእሷ ልጅ ቢሆን ጥያቄው የሚደርሳት በድምፅ መልእክት፣ በሌሊት፣ ሥራ ሳትጨርስ ነው። ቤት ያሉት አያት ማንበብ አይችሉም። ሆኖም እናቷን ደውላ ጠየቀቻቸው። አያት ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ በሰፌድ ያነፈሱ ናቸው፤ ጤፍ ማነሱ ለእሳቸው ዜና አልሆነም። የሰናፍጭ አንዲት ፍሬ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ከወደቀች ወጡን ሁሉ ታቃጥላለች፣ ጤፍ አንዲት ፍሬ ምንም አታደርግ፤ ጌታ ያያት ለዚህ ይሆናል አሉ። ይህን ትርጉም ከየትም አላነበቡትም። 4ኛው የነገረ መለኮት ተማሪ ተመልሶ ለእማማ እጅ ነሣ፤ 5ኛው እንኳ በዚህ ላይ አልተከራከረም።

30ኛው 2ኛውን መልስ የጻፉት አባት መመለሻ ነው። ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ አብራሩት። የተናደዱት በጤፉ እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ጥያቄ ይዘው አንድ ሌሊት ብቻቸውን በማደራቸው እንደሆነ ጻፉ። የዱባይዋን እናት ጠቅሰው፣ ሁሉም ቤት አያት የለውም አሉ። ጥያቄ ይነሣ፣ ይመዘን፣ ይቆጠር፤ ግን መምህር ልጁን ከመሸኘቱ በፊት ቢያንስ አንድ የሚደገፍበት ነገር ይስጠው። መልሱን ሁሉ እንኳ ባይሆን፣ ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት ብዙ አማኞች ጠይቀውታል፣ እምነታቸውም አልጠፋም የሚል። ከአንድ ወገን ቆሜ ያነበብኩት ክር እዚህ ላይ አስቆመኝ። እኔ አሁንም ወረቀቱ መነሣት አልነበረበትም እላለሁ፤ እሳቸው የጠየቁት ግን ከወረቀቱ ጋር አይጋጭም። ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሚነገር ዐረፍተ ነገር ለእያንዳንዱ መምህር በኪሱ መኖር አለበት።

31ኛው የሐዋሳው መምህር ያን ዐረፍተ ነገር በጋራ እንጻፍ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ቀሲስም ተስማሙ። 32ኛው፣ ያው 5ኛው ጸሐፊ፣ ጌታ ጤፍን ያውቅ ነበር የሚል እንዲጨመርበት ጠየቀ። ሁሉም ተቀበለው።

33ኛውን መምህርቷ ጻፈች። ርዕሰ መምህሩ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ወረቀቶቹ ወደ ግድግዳው እንዲመለሱ ፈቅደዋል፤ ቅድመ ሁኔታቸው ልጆቹ ዘሮቹን አሳድገው ሁለተኛ ወረቀት ከጎኑ እንዲለጥፉ ነው። ጀሪካን ተቆርጦ አፈር ተሞልቷል፣ ሰናፍጩና ጤፉ ጎን ለጎን ተዘርተዋል። በየሳምንቱ ሰኞ ልጆቹ በማስመሪያ ይለካሉ። የምንጃሩን ሰው ምክር ሰምታ ጤፉን ሳትቀብረው ከላይ በትናዋለች። ቢሮ የሄዱት አባት ለመስኮቱ ዳር መደርደሪያ አሠርተው ልከዋል፤ ምን እንዳስለወጣቸው አልጻፈችም፣ ማንም አልጠየቃትም። የጠየቀችው ልጅ የሰናፍጩ ቅጠል ጠባቂ ተመርጣለች።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ በ34ኛው ተመልሳ ሰናፍጭ ብቻውን ቦታ እንደሚፈልግ፣ በአንድ ጀሪካን ከሁለት በላይ እንዳይተዉ፣ የጎመን ዘር ናሙናም ለማነጻጸሪያ እንደምትልክ አሳወቀች። ሺህ ጤፍ የሚቆጠርበትን ቀን ጠይቃለች፤ ሚዛኑን ይዛ ልትመጣ ነው።